ሊያገባ ነው

እናትየው ጋዜጣ እየሳመች ነበር። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ታጥባ፣ ፎጣዋን እንደያዘች ከጓዳ ስትወጣ ያገኘቻት እንዲህ ሆና ነው፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ መስኮቱ ሥር ቆማ፣ የጋዜጣውን የፊት ገጽ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያገላበጠች ትስመዋለች። እዚህ ቤት ጋዜጣ የሚገባው መስተዋት ሊወለወልበት ወይም የረጠበ ጫማ ውስጥ ሊጠቀጠቅ ነበር እንጂ ተስሞ አያውቅም። ልጅቱ ደነገጠች። "እማዬ፣ ምን ሆነሻል?" ብትላት፣ እናትየው ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ "እኔን ትጠይቂኛለሽ? የወለድኩሽ እናትሽ ከዳቦ የሚወደድ ጋዜጣ ገዝቼ ልስማ?" አለችና ገጹን ፊቷ ላይ ዘረጋችላት።

ፎቶው የገጹን ግማሽ ይዞታል። አገር ምድሩ "መብረቁ" እያለ የሚጠራው የኳስ አጥቂ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቀጥ ብሏል። ፊት ለፊቱ ልብስ ሰፊዋ ራሷ አለች፤ አንድ እጇን ደረቱ ላይ አሳርፋ፣ ከንፈሯን አሞጥሙጣ ወደ አንገቱ ቀና ብላለች። ከንፈሯ የሞጠሞጠው ስፒል ስለነከሰች ነው፤ እጇም ደረቱ ላይ ያረፈው የኮቱ ክፈፍ አልተኛ ስላላት ነው። ስፒል ግን በጋዜጣ ቀለም አይታይም። ከሥሩ ዓይን በሚወጋ ወፍራም ፊደል "ሊያገባ ነው!" ተብሎ ተጽፏል።

ፎቶውን ያነሳው ታናሽ ወንድሟ ነው። የዚህ ልጅ እንጀራ ዝነኛ ማሳደድ ነው፤ ዘፋኝ ከሆቴል ሲወጣ፣ ተዋናይት ከመኪና ስትወርድ ተረከዟ ሲጠመዘዝ፣ ባለሥልጣን ሲያዛጋ፣ እሱ ከአንድ ዛፍ ጀርባ አይጠፋም። አሁን ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርሯል። እህቱ እርጥብ ፎጣዋን ፊቱ ላይ ጣለችበት። ልጁ ብድግ ብሎ ጋዜጣውን አየ፣ ገልብጦ የስፖርቱን ገጽ አየ፣ ከዚያ ሳቁ አፍኖት ከሶፋው ወደቀ። ለካ ለጋዜጣው የሰጠው ሁለት ፎቶ ነበር። አንዱ የጨዋታው ነው፤ መብረቁ በቴስታ ሊመታ አየር ላይ ተንሳፎ፣ የበረኛው ቡጢ አገጩ ሥር ደርሶ። ለዚያ የተጻፈለት "ሊያገባ ነው!" የሚለው ነበር። ሁለተኛው ይኸው የልብስ ልኬት ፎቶ ነው፤ ለእሱ ደግሞ "በመጨረሻ ልኩን አገኘ" ተብሎ ነበር። ገጽ ቀናባሪው አቀያይሯቸዋል። የዋንጫ ተስፋ የተጣለበት አጥቂ አገጩ ላይ ቡጢ አርፎበት፣ ከሥሩ "በመጨረሻ ልኩን አገኘ" ይላል። "እትዬ፣ እኔ የለሁበትም! የጻፍኩት ትክክል ነው፣ የለጠፉት ነው የተሳሳተው" ይላል ወንድሟ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ።

ሌላ ቀን ቢሆን እሷም አብራው ትንከባለል ነበር። ዛሬ ግን ገና ጎህ ሲቀድ የነቃችው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን ጉዳይ ለማንም አልተናገረችም። ከሱቋ ጎን፣ በአንድ ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ፣ ሰዓት ሠሪው ይሠራል። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ ልጅ የለውም፤ ዝምታው ግን ቤተሰብ ያህላል። በየሳምንቱ ቁልፉ የወለቀ ሸሚዝ ይዞ ይመጣል። ልብስ ሰፊ ደግሞ የተበጠሰ ክርና የተቆረጠ ክር አይምታታባትም፤ የዚህ ሰውዬ ክር ሁልጊዜ በመቀስ የተቆረጠ ነው። "ምነው ጋሼ፣ ሸሚዝዎ ቁልፍ አልይዝ አለ?" ብላ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቀችውም፤ አፍሮ ቢቀርስ? ቁልፉን ትተክልለታለች፣ ከአንድ ሻይ ዋጋ የማይበልጠውን ይከፍላታል፣ "መልሱ ይቅር" ይላል፣ እሷ መልሱን ኪሱ ውስጥ ትከትለታለች። ፍቅራቸው እስካሁን ይኸው ነበር። "እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ ያ ጎረቤትሽ ግን እንቁላል እንደሆነ ሊገማ ነው" ትላለች እናትየው። ትናንት ማታ ግን ሰውዬው ሸሚዙን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጣ፤ በሩን ይዞ፣ "ነገ ሲዘጉ የምነግርዎት ነገር አለኝ" አለና እንደ ሌባ ተፈተለከ። እሷም ሌሊቱን በደስታ ስትገላበጥ አደረች።

ከቤት ስትወጣ ሰፈሩ ሁሉ አንብቧል። ሁልጊዜ ያረረውን እየመረጠች የምትሰጣት ዳቦ ሻጭ ዛሬ ትኩስ ትኩሱን መርጣ ሂሳብ አልቀበልም አለች። አውቶቡስ ውስጥ ቲኬት ቆራጩ፣ "የመብረቁ ሚስት ደግሞ ትከፍላለች እንዴ!" ብሎ ገንዘቧን መለሰላት። አንድ ሽማግሌ ወንበራቸውን ለቀው አስቀመጧትና፣ "ልጄ፣ በግራ እግሩ እንዲመታ ንገሪው፤ አንቺን ይሰማል" ሲሉ አደራ ጣሉባት። "አባቴ፣ ሐሰት ነው፤ ልብሱን የሰፋሁት ለወንድሙ ሠርግ ነው" ብትላቸው፣ አንገታቸውን ወዝውዘው፣ "እንዲህ ነው ምስጢር መጠበቅ!" አሉ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። የአውቶቡሱ ሰው ግን ወሬው ላይ የጨመረበት ሌላ ወሬ ነው፤ ከመውረዷ በፊት ነፍሰ ጡር ሆናለች። እሷም መናደድ ሲገባት መሳቅ ጀመረች፣ ሳቋም እንደ መልስ ተቆጠረባት።

ሳቋ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛው ላይ ያንኑ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ፎቶዋ ላይ የአንድ የግድግዳ ሰዓት ብሎኖችን ደርድሯል። ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ። "እንኳን ደስ አለዎት" አላት። "ጥሩ ልጅ ነው። ኳሱም ጥሩ ነው።" አፏን ከመክፈቷ በፊት ጨመረበት፤ "የነገርኩዎትን... ማለቴ የምነግርዎትን ይርሱት። ተራ ነገር ነው።" ተመልሶ ተቀመጠና ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ውስጥ ሰካ። እጁ ላይ ግን የሚጠገን ምንም ሰዓት አልነበረም። እሷ መልስ ልትሰጥ ስትል ሱሪ ያንጠለጠሉ ደንበኞች ክንዷን ይዘው እየጎተቱ ወደ ሱቋ አስገቧት።

አሁን ጨነቃት። ይህን ሰው ታውቀዋለች፤ ተራ ነገር ነው ካለ ተራ ነገር ሆኖ ይቀራል፣ ነገ ሸሚዙ ሁሉ ቁልፉ ሙሉ ይሆናል። በአፏ ብትነግረውስ? አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያላመናትን እሱ ለምን ያምናታል? በጋዜጣ የመጣ ነገር በጋዜጣ ነው የሚሄደው ብላ ደንበኞቿን ተከትላት ሱቅ ለመጣችው እናቷ ትታ፣ አብሮ የመጣውን ወንድሟን በኮሌታው ይዛ፣ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ገሰገሰች።

ቢሮው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ነው። ደረጃው ሥር የመብረቁ ደጋፊዎች ስካርፋቸውን እያውለበለቡ፣ "ልኩን የሚያገኘው ጋዜጣው ነው!" እያሉ ይዘፍናሉ። ወንድሟ በጓሮ በኩል አስገባት። ዋና አዘጋጁ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ያልተሸጡ ጋዜጦች ቁልል ጀርባ ተቀምጦ፣ ላቡን በማስታወቂያ ወረቀት ይጠርጋል። ልብስ ሰፊዋ ጋዜጣውን ፊቱ ወረወረችው።

"ጌታው፣ ይህ ሰው እኮ አያገባኝም!"

"እመቤቴ፣ እኔንም አያገባኝም" አለ አዘጋጁ። "እኔን አሁን የሚያገባኝ ውጭ የቆመው ሕዝብ ነው።"

"ማስተካከያ ይጻፍልኝ።"

"ምኑ ይስተካከል? ሊያገባ ነበር፤ ውሸት ነው? በአግዳሚው ላይ ሰደዳት እንጂ።"

"እንግዲያው አላገባም ብለህ ጻፋ!"

አዘጋጁ ፊቱ ጥሬ ሊጥ መሰለ። በአውራ ጣቱ ወደ መስኮቱ አመለከተ፤ "ለእነዚህ? 'መብረቁ አላገባም' ብዬ? 'ልኩን አገኘ' ስላልን ሊበሉን ነው፤ 'አላገባም' ካልን ሕንጻውን በጥርሳቸው ነው የሚያፈርሱት።" ሌላ ቃል ፈለጉ። "ኮከቡ ሚስት የለውም" የሚለውን አዘጋጁ ወደደውና ወዲያው ተወው፤ እንዲህ ብሎ ቢያወጣ ሚስቱ እኛ ነን ብለው የሚከሱት ሴቶች እንዳሉ ያውቃል። "ትዳር አይዝም" የሚለውን ደግሞ የመብረቁ እናት እርግማን ነው ብለው ይመጣሉ አለ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሙጭጭ አለች። "አላገባም በሉ። አንዲት ቃል ናት፤ አላገባም!" እያለች ጠረጴዛውን ትደበድባለች። አዘጋጁ፣ "በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይረሳዋል፤ ጋዜጣ እኮ ነው" ይላል።

ወንድሟ ደግሞ የራሱ ብሶት ነበረበት። "ለመሆኑ ፎቶዬን ለምን ቆረጣችሁት? ግራው በኩል ሰፊ ነበር" አለ። አዘጋጁ ትከሻውን ሰበቀ። "ጥጉ ላይ ሸሚዝ የያዘ አንድ ሰውዬ ነበር። ማንም አያውቀውም፣ ቦታ ይፈጃል። ጋዜጣ ላይ ቦታ ገንዘብ ነው።" ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛ መደብደቧን አቆመች። "ምን ዓይነት ሸሚዝ?" አለች። ወንድሟ ካሜራውን ከፈተና ከጀርባው ያለውን የፎቶ ማሳያ ወደ እሷ አዞረላት።

ሰዓት ሠሪው በሩ ጥግ ላይ ቆሟል። ቁልፉ የወለቀ ሸሚዙን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ይዟል። ከመብረቁ አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ መብረቁን ያያል፤ ይህ ሰውዬ ግን ዝነኛውን ከነመፈጠሩም ረስቶታል፣ የሚያያት እሷን ነው። ያም ስታየው አንገቱን የሚደፋው ሰው አይደለም። ማንም አያየኝም ብሎ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ፊቱ በርቶ፣ ሳቅ ሊል ትንሽ ቀርቶት ያያታል። ያንን ሁሉ ጊዜ ስፒል ነክሳ አጎንብሳ ስትሠራ ከኋላዋ ይህ ፊት ነበር። ልብስ ሰፊዋ የጋዜጣው ቁልል ላይ ቁጭ አለችና በደስታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አዘጋጁ ውሃ ይምጣላት አለ። እሷ ግን ማስተካከያውንም አዘጋጁንም ረስታ፣ በጓሮው በር መውጣት እንዳለባትም ረስታ፣ በፊት ለፊቱ ደረጃ እየዘለለች ወረደች።

ደጋፊዎቹ አወቋት። አንዱ፣ "የመብረቁ እጮኛ!" ብሎ ጮኸ፤ ቁጣው በአንዴ ወደ ዘፈን ተገለበጠ። "ሊያገባ ነው፣ ሊያገባ ነው!" እያሉ፣ ስካርፍ አንገቷ ላይ እየደረቡ፣ መንገዱን ዘግተው፣ የመኪናውን ጡሩምባ ሁሉ አስከትለው አጀቧት። "ኧረ ወገኖቼ ተዉ!" ብትል ማን ሰምቷት። እንዲያውም እግሯ ከመሬት የተነሳበት ጊዜ ነበር። ይህ ሁሉ ጭፈራ በሰዓት ሠሪው ደጅ አልፎ ሱቋ ደረሰ። በሰው ትከሻ መሃል ስታየው ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልግ መስሏል።

ሱቋ ውስጥ ሌላ ጉድ ተቀምጦ ጠበቃት። አክስቷ መጥታለች። እናቷና አክስቷ እህትማማቾች ናቸው፤ የእናታቸው የልብስ መስፊያ ማሽን ለማን ይገባል በሚል ከተኳረፉ ወዲህ በሐዘን ቤት እንኳን ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት። ዛሬ አክስትየዋ ጋዜጣውን አይታ ኬክ ይዛ መጥታለች። ሁለቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ኬኩን መሃል አድርገው፣ ማሽኑን ፊት ለፊት እያዩ ዝም ብለዋል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነዚህ ግን ነቅዞ ነበር። ውጭ ያን ያህል ሲጨፈር አንዷም ዞር አላለችም። በመጨረሻ አክስትየዋ፣ "ማሽኑ ደህና ይሠራል?" አለች። እናትየው፣ "ደህና ነው። ዘይት ይወዳል" አለቻት። "እናታችንም ትወድ ነበር" አለች አክስትየዋ፤ ሁለቱም ኬኩን በእጃቸው እየቆረሱ መብላት ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ እውነቱን ልትነግራቸው አስባ ተወችው፤ ኬኩ ይለቅ።

በሩ በሰው ታፍኗል፤ ወደ ጎረቤት መውጫ የለም። ነገር ግን ኮምፔርሳቶው ከወለሉ ጋር ሳይገጥም የቀረበት ክፍተት አለ። መቀስ ሲደንዝባት፣ የማሽን ዘይት ሲያልቅባት፣ እሱም ክር ሲያሻው የሚቀባበሉት በዚያ ነው። ከልብስ ንድፍ ወረቀት ላይ ቁራጭ ቀደደችና በጠመኔዋ ጫፍ፣ ቀኑን ሙሉ አፏ ላይ የዋለውን ያንኑ ቃል፣ "አላገባም" ብላ ጽፋ በክፍተቱ ሰደደችለት። ወረቀቱ ወደዚያ ሲሳብ አየች። ትንሽ ቆይቶ የሱቁ ቆርቆሮ ወረደ፣ ተቆለፈ። ሰውዬው ያለ ሰዓቱ ዘግቶ የሄደው ሸሚዝ ሊቀይር ነው ብላ ልቧ በደስታ ዘለለ። ፀጉሯን በመስተዋቱ አስተካከለች።

አመሻሹ ላይ ደጋፊዎቹ የሌላ ከተማ ጨዋታ ሊያዩ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ። እናትና አክስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። እሷ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ስፒል ነክሳ፣ እግሩን እያጠፈች ጠበቀች። ሰዓት ሠሪው በተባለው ጊዜ በሩ ላይ ቆመ። ላይመጣም ይችል ነበር፤ ግን የቀጠሮ ሰዓት ሰዓት ሠሪ ካላከበረው ማን ያከብረዋል? ኮቱን ለብሷል። ሸሚዝ አልያዘም። የያዘው ያቺን ቁራጭ ወረቀት ነው።

"ገባኝ" አለ። "አልቀየምም። ሰው አላገባም ካለ አላገባም ነው። እንዲያውም ገና ሳልጠይቅ መመለስዎ ከብዙ ነገር አድኖኛል። አመሰግናለሁ።" እጅ ነስቶ ሊወጣ ዞረ።

ልብስ ሰፊዋ ፈዘዘች። ከዚያ ቃሉን እንዴት አድርጎ እንደጠራው ጆሮዋ ላይ ደረሰ፤ ሰውዬው አላልቶታል። እሷ ስለ መብረቁ የጻፈችውን እሱ በእሷ አፍ አንብቦት፣ እምቢ ተብዬአለሁ ብሎ ውሏል። ሳቋ መጣባት፤ አፏ ግን በስፒል ሞልቷል፣ መሳቅ መዋጥ ነው። እጅጌውን ይዛ አስቆመችው። የስፒል መሰኪያው ሩቅ ነበርና ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ኮቱ ክፈፍ ላይ ሰካቻቸው።

"አላልተህ ነው ያነበብከው" አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። "ጠበቅ አድርገው።"

ስለ ሱሪው የምታወራ መስሎት ወደ ጠረጴዛው አየ። ቀጥሎ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አነሳው። "ፊደሉ ያው ነው" አለ።

"ፊደሉማ ያው ነው። ጠበቅ አድርገህ አንብበው።"

"አላገባም" አለ ቀስ ብሎ። "አላገባም... አላገባም።" ሦስተኛው ላይ ጠበቀ። "ማን?"

"መብረቁ ነዋ! በአግዳሚው ላይ ሰደዳት!"

ከኮምፔርሳቶው ማዶ የተጠገኑትም ያልተጠገኑትም ሰዓቶች በየራሳቸው ጊዜ መደወል ጀመሩ። ደውሉ ሲያልቅ ሰዓት ሠሪው፣ "እኔ እርስዎን..." ብሎ ጀመረና አቋረጠ። ልብስ ሰፊዋ ሳይጨርስ እሺ ብላ እንዳታሳፍረው ፈርታ ስፒሎቹን ከኮቱ እየነቀለች ወደ አፏ መለሰች። ይኸው ነገር ደግሞ ድፍረት ሰጠው፤ መልስ የማይሰጥ ሰው መጠየቅ ቀላል ነው። "አንቺን" አለ። "ፈቃድሽ ከሆነ አንቺን ላገባ ነበር የፈለግኩት። ቁልፎቹን ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ የምቆርጣቸው።"

እሷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ይህንንስ ታውቃለች። ጋዜጣውን ሳበች፣ መቀሷን አነሳች። መብረቁን፣ ሙሉ ልብሱን፣ የራሷንም ሞጥሟጣ ከንፈር ትታ ከሥር ያለችውን ጽሑፍ ብቻ ዙሪያዋን ቆረጠቻት። ከአፏ አንድ ስፒል አወጣችና ቁራጯን ሰዓት ሠሪው ደረት ላይ፣ ልክ ልቡ ባለበት በኩል፣ ሰካችው።

ወንድሟ በሩ ላይ ከደረሰ ቆይቷል። ካሜራውን አንስቶ ዓይኑ ላይ አድርጓል። "አንዴ ብቻ!" ብሎ ለመነ። እህቱ አፏ በስፒል እንደሞላ በአንገቷ እሺታዋን ሰጠችው። "ከሥሩ ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?" አለ ወንድሟ።

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ሰብሮ ደረቱን አየ፤ ፊደሎቹን ገልብጦ አነበባቸው። "ተጽፏል እኮ" አለ።

"ጋሼ፣ ጥጉ ጋ አይቁሙ" አለው ወንድሟ። "ጥግ ይቆረጣል።"

ሰዓት ሠሪው ወደ መሃል ጠጋ አለ።